«ከዶክትሬት በኋላ ደግሞ ምን ትምህርት አለ?» የአንድ ቤተሰብ ሒሳብ



ይህን ጽሑፍ ባልና ሚስት ሆነን ነው የጻፍነው። አንዳችን ስንጽፍ ሌላችን እያረምን፣ ልጃችን ከተኛ በኋላ፣ በሦስት ሌሊት ያለቀ ነው። ለመጻፍ ያነሳሳን ባለፈው ዒድ የገጠመን ጥያቄ ነው። ዘመድ ልንጠይቅ በሄድንበት ቤት አንዲት ጎበዝ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ቡና እያቀረበች «ሒሳብ መማር እፈልጋለሁ፤ እስኪ እውነቱን ንገሩኝ፣ ያዋጣል?» አለችን። ሳቅ ብለን «ኢንሻአላህ ያዋጣል» አልናትና አለፍነው። ማታ ቤታችን ስንገባ ግን አፈርን። ልጅቷ የጠየቀችን ከልቧ ነበር፤ እኛ ግን በምርቃት ሸኘናት። ይህ ጽሑፍ ለእሷ የዘገየ መልስ ነው።

🔹 ሁለታችንም ሒሳብ ነው የምንሠራው

ይህን ስንል ሰው «ማሻአላህ፣ ቢሮ ከፍታችኋል?» ይለናል። ባልየው በእርግጥም የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ገቢና ወጪ ይመዘግባል፣ ደመወዝ ይሠራል፣ ዓመቱ ሲዘጋ ለግብር የሚቀርበውን ሰነድ ያዘጋጃል። ሚስትየዋ የምትሠራው ሒሳብ ግን ብር የለበትም። የምትመራመረው «ንጹህ ሒሳብ» በሚባለው ዘርፍ ነው። የባልየው እናት መጀመሪያ ሲሰሙ «ታዲያ የኔ ልጅ ሒሳብ ቆሻሻ ነው ማለት ነው?» ብለው አስቀውናል።

ንጹህ የተባለው ከሌላው ስለሚበልጥ አይደለም። ድልድይ ለመሥራት ወይም ምርት ለመገመት ተብሎ ሳይሆን፣ ጥያቄው ራሱ መልስ ስለሚፈልግ የሚጠና ስለሆነ ነው። ምሳሌ እንስጥ። ከ1 የሚበልጥ ሆኖ ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ እኩል የማይካፈል ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እያለ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1742 ጎልድባክ የተባለ ሰው ለታላቁ የሒሳብ ሊቅ ለኦይለር ከጻፈው ደብዳቤ የመጣ አንድ ጥያቄ አለ፦ ከ2 የሚበልጥ ተጋማሽ ቁጥር ሁሉ የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ድምር ነውን? 10 ብትሉ 3 እና 7 ነው። 28 ብትሉ 5 እና 23 ነው። ኮምፒውተር እጅግ ሩቅ ድረስ ሄዶ የሚያፈርሰው ቁጥር አላገኘም። በሒሳብ ግን ይህ ማረጋገጫ አይባልም። ያልተሞከሩትንም ሁሉ የሚይዝ ምክንያት ያስፈልጋል፤ እሱ እስከ ዛሬ አልተገኘም። የአምስተኛ ክፍል ልጅ የሚገባው ጥያቄ ከ280 ዓመት በላይ የዓለምን ሊቃውንት እያደከመ አለ።

🔹 ከዶክትሬት በኋላ

ሚስትየዋ ዶክትሬቷን ሀገር ቤት ጨርሳ የተመረቀች ቀን ቤተሰቡ በግ አርዶ ደገሰ። ብዙም ሳይቆይ «ለፖስት ዶክ ስዊድን ልንሄድ ነው» ስንል ዘመድ ሁሉ ግራ ገባው። «ዶክተር ሆናለች አላላችሁም? ከዶክትሬት በኋላ ደግሞ ምን ትምህርት አለ?»

ትምህርት አይደለም። ፖስት ዶክ ወይም ድኅረ ዶክትሬት የሚባለው ሥራ ነው። ፈተና የለውም፣ ዲግሪም አይሰጥም። ዩኒቨርሲቲው ዶክትሬቱን በቅርቡ የጨረሰ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ቀጥሮ፣ ደመወዝ እየከፈለ፣ አብዛኛውን ጊዜውን በምርምር እንዲያሳልፍ ያደርጋል። የእኛ ውል የሁለት ዓመት ነበር፤ ጥቂት ማስተማርም ነበረበት። ቅድሚያ የሚሰጠው ዶክትሬቱን ካገኘ ከሦስት ዓመት ላልበለጠው ነው፤ በወሊድ ወይም በሕመም የባከነ ጊዜ ካለ ግን ይታሰብለታል። ሰውየው ከአስተማሪው ጥላ ወጥቶ በራሱ መቆም መቻሉ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። ቋሚ መምህር ለመሆን በብዙ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የሚታለፈው በዚህ ድልድይ ነው።

«ታዲያ ሒሳብ ላቦራቶሪ አይፈልግም። ወረቀትና እስክሪብቶ እዚህስ አለ አይደል?» ያሉንም ነበሩ። ልክ ነው፣ ወረቀት እዚህም አለ። ነገሩን ሳናስረዳቸው የገባቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ የሚስትየዋ አባት።

አባቷ በወጣትነታቸው በወሎ ደረሳ ነበሩ። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ደጁን አልረገጡም። ዜናውን ስንነግራቸው እንዲህ አሉን፦ «ነህው የቀራሁት አንድ ሸኽ ዘንድ ነው፤ ፊቅህ ሌላ ሸኽ ዘንድ። ለፈራኢድ ደግሞ ሦስት ቀን በእግሬ ሄጃለሁ። ኪታቡ እኮ በእጄ ነበር! ኪታቡ ዝም ያለበት ቦታ ላይ የሚናገር ሰው ፍለጋ ነው የሄድኩት። ኢጃዛ ካገኘሁ በኋላም ሁለት ዓመት ሌላ ዘንድ ተቀምጫለሁ። ያኔም ሰው ‹ዛሬም አልጨረስክም ወይ?› ይለኝ ነበር።» ቀጥለውም ወደ ልጃቸው ዞረው «ሂጂ» አሏት።

እሳቸው እንዲህ ማለታቸው አያስገርምም። ሚስትየዋ ሒሳብን የወደደችው ከእሳቸው ጉልበት ሥር ቁጭ ብላ ነው። ሰዎች ውርስ ለማስከፈል ሲመጡ ትሰማ ነበር። አንድ ሰው ሚስት፣ እናትና አንድ ወንድ ልጅ ትቶ ሞተ እንበል። ለሚስቱ አንድ ስምንተኛ፣ ለእናቱ አንድ ስድስተኛ፣ የቀረው ለልጁ ነው። አባቷ ሃያ አራት የሽምብራ ፍሬ ያመጡና 3 ለሚስት፣ 4 ለእናት፣ 17 ለልጅ እያሉ ይደረድራሉ። «ለምን ሃያ አራት?» ብላ የጠየቀችው በስምንት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ስለ ጋራ ታህት ሲያስተምሯት ነገሩን ቀድማ በሽምብራ አውቃው ነበር። በ9ኛው ምዕተ ዓመት በባግዳድ የኖረው አልኸዋሪዝሚም፣ ለ«አልጀብራ» ስሙን በሰጠው መጽሐፉ ውስጥ ሰፊውን ቦታ የሰጠው ለውርስ ክፍፍል ጥያቄዎች መሆኑን ያነበበችው ብዙ ቆይታ ነው።

🔹 ሠላሳ አራት ማመልከቻ

ቦታው ግን «ሂጂ» ስለተባለ ብቻ አይገኝም። በአውሮፓና በአሜሪካ ለሒሳብ ፖስት ዶክ ማመልከቻ የሚበዛው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ ሥራው የሚጀምረው ደግሞ በሚቀጥለው ነሐሴ ወይም መስከረም አካባቢ። አንድ ማመልከቻ የሥራ ታሪክ፣ የታተሙ ጽሑፎች ዝርዝር፣ ወደፊት ምን ለመመራመር እንደታሰበ የሚገልጽ ጥቂት ገጽ፣ ስለ ማስተማር የሚጻፍ መግለጫ፣ ሁለት ወይም ሦስት የምስክርነት ደብዳቤ ይፈልጋል። ከሁሉም የሚከብደው ደብዳቤው ነው። ጸሐፊው «ጎበዝ ናት» ብሎ ቢጽፍ ምንም አይጠቅምም። የትኛውን ውጤት እንዳገኘች፣ ውጤቱ ለምን አስቸጋሪ እንደነበር የሚያውቅና የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ከሀገር ሳይወጣ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ሰው የሚተዋወቀው የት ነው? የሚስትየዋን ሥራ የሚያውቁ ከሀገር ውጭ ያሉ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱንም ያገኘቻቸው በአንድ አጭር የክረምት ሥልጠና ላይ ነው።

ባልየው እንደ ሙያው ሰንጠረዥ ሠርቶ ይመዘግብ ነበር። የተላከ 34። ጭራሽ መልስ ያልሰጠ 19። «እናዝናለን» ያለ 13። ለቃለ መጠይቅ የጠራ 2። ከሁለቱ አንዱ እሺ አለ። ሰንጠረዡን እስከ ዛሬ አልሰረዝነውም።

🔹 ሁለት ዓመት ስንት ወር ነው?

ስዊድን የገባን ሰሞን ባልየው ቁጭ ብሎ አሰላው። ሁለት ዓመት 24 ወር ነው። የመጀመሪያው ሦስት ወር ቤት ፍለጋ፣ መታወቂያ ቁጥር፣ ባንክና የልጅ መዋያ ነው። ለሚቀጥለው ሥራ ማመልከቻ የሚገባው ደግሞ ውሉ ከማለቁ ከስምንትና ከአስር ወር በፊት ነው፤ ያን ጊዜ አዲስ ውጤት በእጅ መኖር አለበት። በንጹህ ሒሳብ አንድ ጽሑፍ ለመጽሔት ተልኮ ገምጋሚው መስመር በመስመር አንብቦ መልስ እስኪሰጥ ዓመት ማለፉ ብርቅ አይደለም። ይህ ሁሉ ሲቀነስ በነጻነት ለማሰብ የሚተርፈው አንድ ዓመት ገደማ ነው።

ባልየው አስር ዓመት የሠራበትን መሥሪያ ቤት ለቆ ነው የሄደው። የመሥራት ፈቃድ ነበረው፤ ቋንቋው ግን አልነበረውም። ቀን ስዊድንኛ እየተማረ ማታ ማታ ቢሮ ያጸዳ ነበር። አንድ ቀን የደረሰው ክፍል የሒሳብ ሠራተኞች ቢሮ ሆነ። የዓመቱ መዝጊያ ስለነበር ጠረጴዛው ሁሉ በሰነድ ተሞልቷል። ቆሻሻውን ሰብስቦ፣ ወለሉን ወልውሎ ወጣ። ቤት ሲመጣ አልተናገረም። ለሚስቱ የነገራት ከዓመት በኋላ ነው። ይህን እዚህ የምንጽፈው የፖስት ዶክ ማስታወቂያ ላይ የትዳር ጓደኛ የሚባል ሰው ስለማይጠቀስ ነው።

እሷም አልተመቻትም። በመጀመሪያው ክረምት፣ ፀሐይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ በምትጠልቅበት ወር፣ ሰባት ወር የሠራችበት ማረጋገጫ ተቀደደ። ለሴሚናር ስትዘጋጅ ራሷ ነች ያገኘችው። «ይህ ሁልጊዜ ይሆናል» ብላ ያለፈችው አንድ ነገር፣ ሁልጊዜ አይሆንም። ባልየው ሊያጽናናት «በኛ ሙያ ባላንስ ካልገጠመ ስህተቱ ደብተሩ ውስጥ አለ፤ እስኪገኝ መፈለግ ነው» አላት። እሷም «በኛ ደግሞ ስህተቱ ከተገኘ በኋላ መጠገኛው በዓለም ላይ ላይኖር ይችላል» አለችው።

እርግጥ በትልልቆቹም ይደርሳል። አንድሩ ዋይልስ የፌርማን የመጨረሻ ቴዎረም አረጋገጥኩ ብሎ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ቀዳዳ ተገኘበት። ከቀድሞ ተማሪው ከሪቻርድ ቴይለር ጋር ሆኖ የጠገነው በ1994 ነው። እሷ ግን ሙሉውን አላዳነችውም። ጎረቤት ቢሮ ያለ አንድ ባልደረባ ሰሌዳው ፊት ለሦስት ሳምንት አብሯት ቆመ። አንድ ቀን «ለሁሉም ባይሆንስ? ለእነዚህ ብቻ ቢሆንስ?» አላት። ከታሰበው ያነሰ፣ ግን እውነት የሆነ ውጤት ተገኘ። ለአባቷ በስልክ ስትነግራቸው «አየሽ፣ ኪታቡ ዝም ያለበት ቦታ ላይ ሰው ተናገረሽ» አሏት።

🔹 «ለምን ይጠቅማል?»

ይህን ያልጠየቀን ሰው የለም። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ የቁጥር ቲዎሪ ለጦርነት የሚውል ጥቅም እንዳልተገኘለት በኩራት ጽፎ ነበር። በ1977 ግን ሦስት ተመራማሪዎች፣ ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ማባዛት ቀላል፣ ብዜቱን መልሶ መበተን ግን እጅግ ከባድ መሆኑን ተጠቅመው ምስጢር መጠበቂያ ሠሩ። ዛሬ በኢንተርኔት ገንዘብ ሲላክ መልእክቱን የሚጠብቁት ከቁጥር ቲዎሪ የተገኙ እንዲህ ያሉ ዘዴዎች ናቸው። ይህን እንናገርና ሰው ደስ ይለዋል። ግን እውነቱን እንጨርሰው፦ የሚስትየዋ ውጤት እስከ ዛሬ ለምንም አልዋለም። ምናልባት ለምንም ላይውል ይችላል። እውነት መሆኑን ግን ማንም አያፈርሰውም። ለእሷ ይህ ይበቃታል።

የሚያጽናኑን ሰዎች የይታንግ ዣንግን ታሪክም ይነግሩናል። ዶክትሬቱን እ.ኤ.አ. በ1991 ጨርሶ የዩኒቨርሲቲ ቦታ አጣ፤ ለዓመታት ሌላ ሥራ ሠራ፣ ሳንድዊች ቤት ሳይቀር። ከዚያ በአንድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ፣ በ2013 ልዩነታቸው ከ70 ሚሊዮን የማይበልጥ የብቸኛ ቁጥሮች ጥንዶች ማለቂያ እንደሌላቸው አረጋግጦ ዓለምን አስደነቀ። ያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 60 ተጠግቶ ነበር። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ነገር ግን ሒሳብ የሚያውቅ ሰው በአንድ ምሳሌ አያረጋግጥም። ሳንድዊች ቤት ቀርተው ስማቸውን የማንሰማው ስንት እንደሆኑ ማን ቆጠረ?

🔹 የአባት ስም

በንጹህ ሒሳብ ልማድ አንድ ጽሑፍ ላይ የጸሐፊዎች ስም የሚደረደረው በፊደል ተራ ነው፤ ቀዳሚ ተከታይ የለም። የሚጠሩትም በመጨረሻ ስማቸው ነው። የእኛ ሰው የመጨረሻ ስሙ ደግሞ የአባቱ ስም ነው። ስዊድን ሳለን «ስትጋቢ ስምሽን አልቀየርሽም?» ሲሏት «እኛ ዘንድ ሴት ልጅ በአባቷ ስም ነው የምትኖር» ትላቸው ነበር።

ስንመለስ ጽሑፉን አትማ ለአባቷ አሳየቻቸው። እሳቸው የሚያነቡት ዐረብኛ ነው፤ የላቲን ፊደል አያውቁም። በጣቷ እየነካች «ይህ የባልደረባዬ ነው፣ ይህ የእርስዎ ስም ነው» አለቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ሰዓት አዩት። ከዚያ «የአንቺስ የታለ?» አሉ። የእሷ ስም በመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ፣ ከፊቱ ተቀምጧል። «ይቺ ናት» አለቻቸው። «ታዲያ ሥራው ያንቺ፣ ስሙ የኔ?» ብለው ሳቁ። ወረቀቱን አጥፈው ኪታባቸው ውስጥ አስቀመጡት።

🔹 ሁለት ደብዳቤ

ወደ ኋላ እንመለስና፣ ውሉ ሊያልቅ አምስት ወር ሲቀረው በእጃችን ሁለት ደብዳቤ ነበር። አንዱ ከጀርመን፣ ሌላ የሁለት ዓመት ፖስት ዶክ። ሌላው ፈቃድ ጠይቃ ከወጣችበት የሀገር ቤት ዩኒቨርሲቲ፣ «ትመለሻለሽ ወይስ ቦታሽን ለሌላ እንስጠው?» የሚል። ኢስቲኻራ ሰገድን። ባልየው ዴቢትና ክሬዲት አድርጎ በሁለት ዓምድ ጻፈው። ባላንሱ እምቢ አለ። አባቷ ጋ ደወልን። እሳቸውም «ደረሳ ዕድሜ ልኩን ደረሳ አይሆንም፤ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ያቀራል። ቀኑን ግን ሸኹም አይነግረው፣ አባቱም አይነግረው» አሉን። ውሳኔ ስንጠይቃቸው መልሰው ለእኛው ሰጡን።

ተመለስን። ዛሬ ሚስትየዋ ብዙ ክፍል ታስተምራለች፤ ለምርምር የሚተርፋት ከሱብሒ ሶላት በኋላ እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ያለው ነው። ባልየው ሥራ አግኝቷል፤ ከድሮው ደረጃው ዝቅ ያለ ነው። ተጸጽተናል ወይ? አንዳንድ ሌሊት፣ አዎ። ጀርመን ብንሄድ ኖሮ ያ የተቀደደው ማረጋገጫ ይጠገን ነበር ብላ ታስባለች። አንድ ተማሪዋ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ «መምህርት፣ ይህ ሁልጊዜ ይሆናል?» ብሎ የጠየቃት ቀን ደግሞ እንኳን መጣሁ አለች።

🔹 ለጠየቅሽን እህታችን

ያዋጣል? በገንዘብ ከሆነ ባልየው አስልቶታል፦ አያዋጣም። በዚያው ጉብዝና ሌላ ሙያ ይዘሽ ቶሎ ቤት ትሠሪያለሽ። ጥያቄው እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ ግን ሂጂበት፤ ስትሄጂ እነዚህን ይዘሽ ሂጂ።

1. ከዶክትሬትሽ ቀደም ብለሽ ከሀገር ውጭ ባሉ አጫጭር ሥልጠናዎች ላይ ሰው ተዋወቂ። ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1964 ጣሊያን፣ ትሪየስቴ ላይ ያቋቋመው ማዕከል እንደኛ ካሉ ሀገሮች ለሚመጡ የሒሳብና የፊዚክስ ሰዎች ነው የተሠራው። በሀገራቸው እየሠሩ ለተወሰነ ጊዜ እየተመላለሱ የሚመራመሩበት መንገድም አለው።

2. ከአስተማሪሽ ጥያቄ ሌላ፣ የራስሽ የሆነ አንድ ጥያቄ ይኑርሽ። ቀጣሪው የሚፈልገው እሱን ነው።

3. ጽሑፍሽን መጽሔቱ እስኪመልስ አትደብቂው። አርካይቭ በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ባለው ነጻ የኢንተርኔት ማኅደር ላይ አውጪው።

4. ውል ስትፈርሚ ደመወዝ ነው ወይስ ስቲፔንድ ብለሽ ጠይቂ። ስቲፔንድ የቅጥር ሥራ ስላልሆነ፣ ብትወልጂ ወይም ብትታመሚ ልዩነቱ ይታይሻል።

5. ካገባሽ፣ ባልሽ ምን እንደሚያጣ ከመሄዳችሁ በፊት በወረቀት ላይ ጻፉት። እኛ አልጻፍነውም ነበር።

6. ስንት ጊዜ ደረሳ እንደምትሆኚ ቀድመሽ ወስኚ። ውሳኔሽን ልትቀይሪው ትችያለሽ፤ ሳትወስኚ ግን አትሂጂ።

ወላጆችም ልጃችሁ «ፖስት ዶክ ላይ ነኝ» ሲላችሁ «መቼ ነው ሥራ የምትይዘው?» አትበሉት። ሥራ ላይ ነው። ይልቅ «ኪታቡ ዝም ያለበት ቦታ ደረስክ ወይ?» በሉት።

ልጅቷን የምታውቋት ካላችሁ ይህን ጽሑፍ አድርሱላት። ሽምብራውን ይዘን እንጠብቃታለን። በዱዓችሁም አትርሱን።